ኮት የለበሰው ሳጥን

የእህቴ ምራት ፍሪጅ ጠጋኝ ናት። ዝምተኛ ስለሆነች፣ ሥራዋም ከብርድ ጋር ስለሆነ፣ ቤተሰቡ «በረዶ» ይላታል። ትስቃለች እንጂ አትቀየምም።

ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ስትሄድ የአራት ወር ልጇን ለባሏ ትታ ነው። ልጅቷ የቆርቆሮ ወተት ቢሰጧት ትተፋዋለች። ስለዚህ በረዶ በሄደችበት ሁሉ ጡቷን እያለበች፣ በትንንሽ ከረጢት እያሸገች፣ ቀንና ሰዓቱን ጽፋ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጣለች። አንድ ጊዜ የዓሣ ነጋዴዎች ማቀዝቀዣ ክፍል ስትጠግን ሦስት ቀን ቆይታ ዐሥራ አራት ከረጢት ሞላች። እሑድ ቤቷ ገብታ ሰኞ ወደ ሥራዋ ተመላሽ ነበረችና፣ ልጅቷ እናቷ በሌለችበት የምትጠጣው ያንኑ ነው።

ያን እሑድ እኔም ሕፃኗን ልጠይቅ ስሄድ አውቶቡስ ላይ ተገናኘን። ሰማያዊ የበረዶ ሳጥኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። እኩለ ቀን ላይ ራዲያተሩ ፈላና መንገድ ዳር ወረድን። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«እህቴ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ካለሽ አንድ ሽጪልን» አላት ባለ ግራጫ ኮት ሰውዬ።

«ለስላሳ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው እንደ ዶሮ የታቀፍሽው? ሊፈለፈል ነው?»

ሰዉ ሳቀ። በረዶ አንገቷን ደፋች። እኔ ሰው መሐል መናገር አልወድም፤ ግን ሰውዬው እጁን ወደ ክዳኑ ሲሰድ አፌ አመለጠኝ።

«ተው ልጄ! የልጇ ወተት ነው፣ ከራሷ ጡት። ከፍተኸው ከቀለጠ ለነገ አይቆይላትም።»

እጁን እሳት እንደነካው ሰበሰበ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ። «በዚህ ሸፍኑት።»

«በኮት ልታፈላው ነው?» አለች አንዲት ሴት።

በረዶ በሙያዋ ሲመጡባት ዝም አትልም። «ኮት አያሞቅም እትዬ፤ የሚሞቀው ገላችን ነው። ኮት የሰጡትን ነው የሚጠብቀው፤ ብርድ ከሰጡት ብርዱን ይጠብቃል።»

ሳጥኑን ዛፍ ጥላ ሥር አኑረን ኮቱን፣ የሴትዮዋን ሹራብ፣ የእኔን ፎጣ ደራረብንበት። ባለ ኮቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ፣ የቀረበውን ሁሉ «ቀስ በሉ፣ ሕፃን ተኝቷል» ሲል ቆየ።

አውቶቡሱ ተጠግኖ ከተማ ስንደርስ በረዶ ኮቱን ብትመልስለት እምቢ አለ። «ቤቱ እስኪገባ አይራቆት። ነገ እኔም ተመላሽ ነኝ፤ መናኸሪያ ትሰጪኛለሽ።»

ባሏ ሕፃኗን ታቅፎ በር ላይ ጠበቀን። በረዶ ልጇን ተቀብላ ጡት አጎረሰቻት። ሳጥኑን እኔ ከፍቼ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ሳቀብላት በጥፍሯ ታንኳኳለች። ዐሥራ ሁለቱ እንደ ድንጋይ ጠጥረዋል። ሁለቱ ግን ለስልሰዋል።

«እነዚህን ፍሪዘር እንዳትመልሳቸው፤ ፍሪጁ ታች ይቀመጡ» አለችው ባሏን። «ነገ ጠዋት መጀመሪያ እነሱን ስጣት።»

ሰኞ ማለዳ ባዶ ሳጥኗን በአንድ እጇ፣ ኮቱን አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ወጣች። የኮቱ አንድ ቁልፍ ላልቶ ነበርና እኔ አጥብቄ ሰፍቼዋለሁ።