ወደ ወንዝ የተመለሰው ነጭ አሸዋ

ባለፈው ሰሞን ለልጄ ሠርግ ቀለበት ልገዛ ወርቅ ቤት ገብቼ፣ ሻጩ ልጅ አንድ ነጭ ቀለበት መዳፌ ላይ አኖረና «ፕላቲነም ነው እትዬ፣ በቃ የወርቅ ታላቅ ይበሉት» ሲለኝ ፊቴ በርበሬ መሰለ። ዋጋው ያስደነገጠኝ መስሎት መቀነስ ጀመረ፤ እኔ ግን ካዛንቺስ፣ ያደግንበት የቀበሌ ግቢ ተመልሼ ገብቼ ነበር።

አባቴ ያኔ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ይሥራ እንጂ፣ በወጣትነቱ ሰሜን፣ አንድ ወንዝ ዳር የወርቅ አጣቢዎች አለቃ ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ «አለቃ» ነበር የሚለው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የግቢው ልጆች የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን እንከበውና፣ አሸዋው በገበቴ እየተዞረ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ወርቁም በአሞራ ላባ አገዳ ውስጥ እንዴት እንደሚጠራቀም ያወራልን ነበር። ከሁሉ የምንወደው የለታይን ወሬ ነው። ለታይ ከአጣቢዎቹ አንዷ ስትሆን፣ ከቢጫው ጋር ገበቴው ግርጌ የሚቀረውን ነጭ አሸዋ «ይሄ ይከብዳል፣ ከንቱ አይሆንም» እያለች ትለቅም ነበር አሉ። እዚያ አገር ግን ነጩ ያልበሰለ ወርቅ ነው ተብሎ እንዲበስል ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ የወሰደው ሰው የወንዙን በረከት ያርቃል ይባላል። ስለዚህ አባቴ ነጩን ያጠራቀመችበትን ላባ ቀምቶ ሰው ሁሉ ፊት ውሃው ላይ ያራግፈዋል፣ አጣቢው በሳቅ ያውካካል። እኛም እናውካካለን፤ ጭራሽ ጨዋታ አድርገነው፣ ሳህን ላይ ጭቃ እያዞርን አንዳችን ለታይ፣ አንዳችን አለቃ እንሆን ነበር።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ለዓይን ሕክምና ከአገሯ የመጣች ቀጭን ሴት አለቃን ብላ ግቢያችን ገባች፤ ለታይ ራሷ ናት። እናቴ ሻይ አቀረበችላት፣ ጎረቤቱም እንግዳዋን ሊያይ ተሰበሰበ። እሷም የማዕድን ባለሙያዎች ወንዙ ድረስ መጥተው፣ ነጩ አሸዋ ፕላቲነም የሚባል ውድ ነገር መሆኑን እንደነገሯቸው ረጋ ብላ አወራች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች።

«ምንም አልፈልግም አለቃ። አገሬ ላይ እስከ ዛሬ ስሜ አሸዋ ለቃሚ ነው። እዚህ ሰው ፊት፣ ለታይ ልክ ነበረች ይበሉልኝ።»

አባቴ «ያኔ ማን ያውቅ ነበር» አለና ጃንጥላውን አንሥቶ ወጣ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ይባስ ብሎ ትንሹ ወንድሜ፣ እንግዳዋን ደስ የሚያሰኛት መስሎት፣ ጭቃ የሞላ ሳህን ይዞ ገባና «ለታይ ለታይ እንጫወት» አለን። ሴትየዋ ሳህኑን አየች፣ እኛን አየች፣ ገባት።

«በሉ ተጫወቱ» አለችን፣ «ግን ዛሬ አለቃው አይድፋብኝ።»

አንድም ልጅ አልተነሣም። ሻይዋን ሳትጨርስ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች፤ ለሕክምናው የት እንዳረፈች እንኳ የጠየቃት የለም።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ስለ ወንዙ ትንፍሽ አላለም። እኛ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ ግቢው ፈርሶ ሆቴል ቆመበት፣ እሱም ያቺን ቃል ሳይናገራት አረፈ። ድምፁ ይናፍቀኛል፣ ማን አባቱን የማይናፍቅ አለ? ግን በጆሮዬ የቀረልኝ በለታይ የሚያላግጥበት ድምፁ ብቻ ነው፤ እሱንም ስሰማ ዛሬም ሳቄ ይመጣል።