የለማን ሞት ለፈረስ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሱሉልታ መንገድ ዳር ከቆሙት የኪራይ ፈረሶች አንዱ ላይ ልውጣ ብሎ አስቸገረን። ቡራዩ የምትኖረው ታናሽ እህቴ አብራን ነበረች። ክንዴን ጨብጣ፣ «ኧረ ተይ! ፈረስ አጎታችንን ገድሎብን የለም እንዴ?» አለችኝ። ዓይኗን አየሁት፤ የምሯን ነው። እኛ ቤት ውሸት እንደ ልጅ ነው፤ ተንከባክበን አሳድገነዋል።

አጎታችን ለማ የሞተው በጥቅምት መጨረሻ፣ የሱሉልታ ሣር ታጭዶ በሚከመርበት ወቅት ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ጣት ይቆርጣል፤ ረፋዱ ላይ መንገዱ ሁሉ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። እኔ ያኔ ኮረዳ ነበርኩ። መሬት ለአዲስ አበባ ሰው መሸጥ የተጀመረበት ሰሞን ስለነበር ታላቅ ወንድሙ ተሾመ የአባታቸውን ማሳ እንሽጥ ይላል፤ ለማ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። አንድ ቀን ማሳው ላይ ሲጨቃጨቁ ስንቱ ሰማቸው። በማግስቱ ለማ እዚያው ራሱን ተፈንክቶ፣ ሞቶ ተገኘ።

«ፈረሳችን ረግጦት ነው» አሉ የሁለቱ እናት፣ አያታችን አኮ። ፖሊስ መጣ፤ ቤቱ በሙሉ በአንድ አፍ ፈረሱን ከሰሰ፤ ፖሊስም ሄደ። ፈረሱ ግን እኛ ግቢ ታስሮ ነው የዋለውም ያደረውም። ውኃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ይህንኑ ለእናቴ ስነግራት፣ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ! አንዱን ቀብረን ሌላውን እናሳስር ነው የምትይው?» አለችኝ። ለለማ ሚስት ለእትዬ ጫልቱም ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። ምስኪኑን ፈረስ ጫንጮ ገበያ ወስደው ሸጡት። ከቤተሰቡ የተፈረደበት እሱ ብቻ ነው።

በእኛ አገር ገዳይ ጉማውን፣ ማለትም የደም ካሳውን ከፍሎ እርቅ ሳይወርድ፣ ከሟች ወገን ጋር ከአንድ ገበታ አይበላም። ቢበላ ደሙ ይጥለዋል፤ ይህን የማይፈራ ሰው አላውቅም። ሰፈሩ ደግሞ ማማት ጀምሯል። ስለዚህ አኮ መላ ዘየዱ፤ በለማ አርባ ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ ጫልቱና ተሾመ ከአንድ ትሪ እንዲበሉ። በሉ ማለት በመካከላቸው ደም የለም ማለት ነው። ጫልቱ እምቢ ካለች ልጆቿን ይዛ ከግቢው መውጣቷ ነው።

«ኮቱ፣ ነይ ልጄ» አሏት፤ «ከወንድምሽ ጋር ቅመሺ።»

ጫልቱ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። ጾም ነበርና የቀረበው ምስር ወጥ ነው። በእንጀራ ጠቀለለችና ጉርሻውን ወደ ተሾመ ዘረጋች።

«በለማ ሞት፣ ጋሼ፣ ይጉረሱ!»

ተሾመ አፉን አልከፈተም። ወጡ በእጇ ላይ ይወርዳል፤ እሷ እጇን አታጥፍም።

«ጨጓራዬን ያመኛል» አለ በመጨረሻ።

ያኔ አኮ ከመደባቸው ተነሥተው መጡና ጎንበስ ብለው ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት። «እውነቱን ነው፤ ልጄ ጨጓራ አለበት» አሉ እያላመጡ። አንድ ጎረቤት ደግሞ ተልባ ለጨጓራ ፍቱን ነው ብሎ ምክር ጀመረ። ሌላውም ተቀበለው። ተልባው እንዴት እንደሚቆላ ሲነጋገሩ ጫልቱ እጇን ታጥባ ወጣች።

ሳምንት ሳይሞላ ልጆቿን ይዛ ሰበታ፣ እናቷ ቤት ገባች። ማሳው ተሸጠ፤ ዛሬ መጋዘን ቆሞበታል። ተሾመ አርጅቶ አልጋው ላይ ሞተ። እስኪሞት ድረስ በሄደበት ቤት ሁሉ «ለእሱ በርበሬ አታብዙ» ይባልለት ነበር።

እሑድ ዕለት እህቴን፣ «አንቺስ ያን ቀን አጠገቤ ቆመሽ አላየሽም?» አልኳት።

«ጨጓራ ነበረበት እኮ» አለችኝ።

ነገሩን ባነሣሁ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነው፦ የእናት ሆድ ነው፣ በአኮ አይፈረድም፤ አንቺም ወልደሻል። አዎ፣ ወልጃለሁ። ያን ጉርሻ ለምን እንደጎረሱትም ገብቶኛል። ይቅር ግን አላልኳቸውም። ለማም እኮ ልጃቸው ነበር።