የአባባ አውራ ጣት

በቤታችን ሙጃሌ የማወጣው እኔ ነኝ። ከገሱባ ወጣ ብላ ወዳለችው መንደር ተድሬ ከመጣሁ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መርፌዬን በእሳት አግዬ ደጅ እቀመጣለሁ። አባባ፣ ማለትም የባሌ አባት፣ እግራቸውን ከእኔ በቀር ለማንም አይሰጡም። ወንዶች ልጆቻቸው መርፌ ይዘው ሲጠጓቸው "እናንተማ ታርሳላችሁ እንጂ አታወጡም" ብለው ያባርሯቸዋል። በዚህ እኮራ ነበር፤ አልዋሽም።

አርባ አራት ሲሞላኝ መርፌው እምቢ አለኝ። መጀመሪያ የዘመኑን መርፌ ረገምኩ። ቀጥሎ በደጃፉ እንሰት አሳበብኩና ጥላ ጣለብኝ ብዬ ስድስት ቅጠል መለመልኩት። ባሌ "እንሰቱ ምን በደለሽ?" ቢለኝ ተቆጣሁት። ብርሃኑ በዛ፤ ሙጃሌው ግን ብዥ እንዳለ ቀረ። መነፅር ዓይን ያሰንፋል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ስሙንም ማንሳት አልፈለግሁም። እግራቸውን ነካ ነካ አደርግና "ወጥቷል አባባ" እላለሁ። እሳቸውም መርቀውኝ ይነሳሉ።

አንድ ቅዳሜ ሙጃሌውን ስቼ የአውራ ጣታቸውን ደህና ሥጋ ወጋሁ። ደሙ ፈሰሰ፤ እሳቸው ግን እግራቸውን አልሳቡም። ፈራሁ። ቁስሉ ቢያመረቅዝና በእኔ ግትርነት እግራቸውን ቢያጡስ? ያን ቀን እንሰቱንም መርፌውንም ተውኩና ለባሌ "ዓይኔ ነው" አልኩት። ሰኞ በማለዳ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ሶዶ ሄድኩ።

የዓይን ክሊኒኳ ነርስ ፊደል አስነበበችኝ። "በሽታ አይደለም እናቴ፤ ከአርባ በኋላ የሁሉም ሰው የቅርብ እይታ ይደክማል። መነፅርም ዓይን አያሰንፍም። ግን ሳያምም ብርሃን የሚነጥቅ በሽታ ስላለ የዓይንዎን ግፊት ልለካ" አለችኝ። ግፊቱ ደህና ነበር፤ የቅርብ ማያ መነፅር ገዛሁ። ዓመት ሙሉ ከእንሰት ጋር የተጣላሁበት ነገር ከሰዓት በፊት አለቀ። በራሴ ተናደድኩ።

ማታ ሳይሆን ፀሐይ ሳለ መድረስ ነበረብኝ፤ ደረስኩም። መነፅሬን አድርጌ የአባባን እግር ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ወጥቷል ያልኩት ሙጃሌ ሁሉ እዚያው ነበር። በጥፍራቸው ዙሪያ ነጫጭ እንቁላሉ ተደርድሯል፤ ተረከዛቸው ላይ ደግሞ ሌላ ሦስት። አፈርኩ።

"አባባ፣ አያሳክክዎትም ነበር?"

"እንቅልፍ ነስቶኛል እንጂ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ከነገርኩሽ መርፌውን ትጥያለሽ ብዬ ነዋ።"

መርፌዬን በእሳት አጋልኩ። አንድ በአንድ ፈልፍዬ አወጣሁ። ዳግመኛ በባዶ ቃሌ እንዳያምኑኝ ስለፈለግሁ፣ የመጀመሪያውን እሳት ውስጥ ከመጣሌ በፊት መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው።

"ይኸው፣ በዓይንዎ ይዩት።"

መዳፋቸውን ወዲያ ወዲህ አዟዟሩት።

"አይታየኝም ልጄ" አሉ። "አንቺ ወጥቷል ካልሽ ወጥቷል።"

በማግሥቱ እሳቸውን ይዤ ሶዶ ተመለስኩ።