የአክስቴ ጣት

ዛሬ ሐኪም ቤት ደጃፍ አንዲት ሴት በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ታቅፋ ልጇ ሲያጎርሳት አየሁና አክስቴ ትዝ አለችኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ጋይንት ገብስ ስታጭድ ማጭዱ ከእጇ አምልጦ የቀኝ ሌባ ጣቷን ጅማት በጠሰው፤ ጣቷ አልታጠፍ አለ። ደብረ ታቦር ያገኘነው ሐኪም፣ «የተበጠሰው ጫፍ ወደ መዳፍዎ ሸሽቷል፤ ስቤ አመጣና ከሌላው ጫፍ ጋር እሰፋዋለሁ። እስኪጠና ግን ምንም እንዳይጨብጡበት» አላት።

ሰፍቶ ጣቷን እንደታጠፈ አሰረው። በግራ እጅ መብላት ነውር ነውና እኛ ልጆች በተራ እናጎርሳት ነበር። ያቺ ኩሩ ሴት አንገቷን ደፍታ ትጎርሳለች።

ማሰሪያው ተፈትቶ ጣቷን ቀስ በቀስ ስታለማምድ ከረመች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከሁላችን ቀድማ እጇን ወደ መሶቡ ሰደደች። ጣቷ ታጠፈ! እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አክስቴ ጉንጬ እስኪወጠር አጎረሰችኝና ሌላ ጠቀለለች።

«ክፈቺ! ያጎረስሽኝን ሁሉ ዛሬ ትጎርሻታለሽ!»

የሴትየዋን ልጅ «አፍህን አዘጋጅ» ልለው ምንም አልቀረኝም።