አራሷን ከቤት ያስወጣው በርበሬ

ደባርቅ በክረምት ፀሐይ የላትም። ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ያመጣሁት ቀይ ቃሪያ በጭጋጉ ሊሻግትብኝ ሲል ጎንደር ወርጄ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የምግብ ማድረቂያ ገዛሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከኋላ ማሞቂያና ማራገቢያ፣ ከፊት እንደ መሳቢያ የሚገቡ አምስት ወንፊቶች አሉት። ቃሪያውን ለሁለት እየሰነጠቅኩ ደረደርኩ። ሙቀቱ እንዳይባክን መስኮቱን ዘጋሁ፤ ሽታው ግቢውን እንዳይረብሽ ደግሞ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ወተፍኩ። ከዚያ ላስተምር ሄድኩ።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ነበር። የእኔን ክፍልና የጎረቤቴን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ ከላይ ያለው በማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ኮርኒስ ብቻ ነው። ከግድግዳው ማዶ የአከራዬ ልጅ አለች። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ከዳባት መጥታ፣ ከተገላገለች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ነፋስ እንዳይነካት በርና መስኮቷ ተዘግቷል። ልጅ ክርስትና ሳይነሣ ደግሞ አራስ ከቤት አትወጣም።

ለምሳ ስመለስ አራሷ ግቢው መካከል፣ ካፊያው ላይ ቆማለች። ቤቱ የተቃጠለ መሰለኝ። ከዚያ ሕፃኗን አየኋት፤ ፊቷ ጠቁሯል፣ አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም።

አከራዬ እያሳሉ በነጠላቸው ያራግቡላታል።

"አንተ መምህር፣ ምን አጥፍታ ነው እንደ ባለጌ ልጅ በበርበሬ የምታጥናት?"

"እትዬ፣ ጭስ እኮ የለውም። ሙቀቱ ውሃውን ሲያተንነው..."

"ትምህርቱን ተወውና ባጃጅ ጥራ።"

ጠራሁ። እነሱ እስኪሳፈሩ ትንፋሼን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ ማሽኑን ነቅዬ ወንፊቶቹን በባዶ እጄ እየጎተትኩ ደጅ ጣልኳቸው። አብሬያቸው ተሳፈርኩ፤ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው። በመንገድ ላይ ግን ሕፃኗ ሁለት ጊዜ ጭልጥ አለችብን። እናቷ ጀርባዋን ታሻለች።

ነርሷ የሕፃኗን አፍንጫ አጸዳች፣ ኦክስጅን ሰጠቻት፣ ደረቷንም ረጅም ጊዜ አዳመጠች። በመጨረሻ ሕፃኗ እሪ ብላ አለቀሰች። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

"አየር እየገባላት ነው። አጥቢያት" አለች ነርሷ።

ሕፃኗ ጡት ጠብታ ስትጨርስ እናቷ ነጠላዋን ልታስተካክል ብላ ወደ እኔ ዘረጋቻት።

"እስኪ ያዝልኝ።"

እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ።

"ምነው፣ አሁን ገና ፈራሃት?"

"እጄ በርበሬ ነው" አልኳት።