ሲታለፍ የኖረ ስም

ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ምዕራፍ ላይ በደረስሁ ቁጥር፣ ስለ ጉልትና ስለ ገዳማት ለተማሪዎቼ ስናገር፣ በልቤ የማስበው አባቴን ነው። አባቴ ከማንኩሳ ወዲያ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱ ቄስ ነበሩ።

ደብሯ አንድ የቆየ የብራና ወንጌል አላት። በመጨረሻው ገጽ ላይ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ገደማ መሬት የሰጧት ሰዎች ስም ተጽፏል። ሰጪዎቹ የጠየቁት ከሞቱ በኋላ ስማቸው በጸሎት እንዲነሣ ብቻ ነው። መሬቱን መንግሥት ከወሰደው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አባቴ ግን ስሞቹን ማንሣት አልተዉም። «መሬቱን ወሰዱት፤ አደራውን ግን ማንም አልወሰደልንም» ይሉ ነበር።

ዓይናቸው ሲጠፋ መቀደስ ተዉ። ስሞቹን ጧት ጧት በቃላቸው ያነሡ ነበር፤ እየቆዩ ግን «አንዱን ዘልዬ እንደሆነስ?» ይሉ ጀመር። ታመው እኔ ዘንድ በመጡ ጊዜ የደብሯን ንብረት የሚጠብቀውን ገበዝ በስልክ ለመኑት። የራሳቸው ተማሪ የነበረ ቄስ ነው፤ ገጹን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ላከልን።

ግእዝ ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ለሴት ልጅ ምን ይሠራላታል የሚሏቸውን ጎረቤቶች ሳይሰሙ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ አነበብሁላቸው። ታች ቀለሙ የለቀቀ መስመር ነበር። አጎላሁት።

«አባ፣ እዚህ አንድ ስም አለ።»

«የለም ልጄ፣ እሱ እድፍ ነው።»

«አይደለም አባ። የሴት ስም ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ የሚያስባት ስለሌለ አስቧት ይላል።»

ስሟን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

«ዕድሜዬን ሙሉ አለፍኋት» አሉ።

«እርስዎ ምን ያድርጉ? ቀለሙ እኮ ጠፍቷል።»

«እሷስ ምን ታድርግ?»

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ወደ ደብሯ እንድወስዳቸው ለመኑኝ። «ለካህናቱ በራሴ አፍ ልንገራቸው» አሉ። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳይነሡ አዝዞ ነበር። «ትንሽ ይበርቱና እንሄዳለን» አልኋቸው። አልተከራከሩኝም። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ዐረፉ።

ከቀብር በኋላ ስሟን በወረቀት ጽፌ ለገበዙ ሰጠሁት። አርባቸው በወጣበት ቀን በደብሯ በሴቶች በኩል ቆሜ አዳመጥሁ። የጥንቶቹ ስም ተነሣ፤ የአባቴ ስም ተነሣ፤ የእሷ ግን የለም። ከቅዳሴ በኋላ ገበዙን ጠየቅሁት። አንገቱን ደፋ።

«ስልኩን ለካህናቱ አሳየኋቸው፣ እኅቴ። እድፍ ነው አሉ። የኔታ ራሳቸው ቢነግሯቸው ኖሮ እሺ ይሉ ነበር። እኔን ማን ይሰማኛል?»

ልቆጣው ብዬ ነበር፤ ግን ያልወሰድኋቸው እኔው ነኝ። ይዣቸው ብሄድ ኖሮ መንገድ ላይ ሊሞቱብኝ ይችሉ እንደነበር አውቃለሁ። ያ ረቡዕ ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

አሁን ቤቴ ስጸልይ፣ ከአባቴ ስም ቀጥዬ የእሷን አነሣለሁ። ቄስ አይደለሁም። እንደ ጸሎት ይቆጠርላት እንደሆነም አላውቅም።