ዘንገና ከስክሪኑ ግርጌ በስተቀኝ

ኮምፒውተሯ አርጅታለች ያለችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ እንዲያ ብዬ አላውቅም። እንጅባራ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ አብራኝ የኖረች ማሽን ናት። ዊንዶው ሰባት የሚባለው አሮጌው ነበር የተጫነባት። ጠዋት ቁልፏን ተጭኜ፣ የሱቁን ደጃፍ ጠርጌ ስመለስ ገና እየተነሳች አገኛታለሁ። እኔ አልከፋኝም። ደንበኞቼን ግን ከፋቸው።

ነገሩ የከረረው አዲስ ፕሪንተር የገዛን ጊዜ ነው። ብንሰካው፣ ብንነቅለው፣ መልሰን ብንሰካው ማሽኗ አላውቀውም አለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፍላሽ የሚያመጡት ጽሑፍም እኛ ዘንድ ሲከፈት ሰንጠረዡ ተበታትኖ፣ መስመሩ ተዛብቶ ይወጣል። ልጆቹ ጨዋ ስለሆኑ ምንም አይሉም፤ ፍላሻቸውን ነቅለው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤት ይሻገራሉ። ባለቤቴ በመስኮት እያየቻቸው፣ እኔ እንድሰማ ጮክ ብላ፣ "እሰይ፣ እዚያስ ይሠራላችኋል" ትላለች።

"ዊንዶው አስርን አስጭነው" ስትለኝ "እሺ" እላለሁ። እሺታዬ ከአንገት በላይ መሆኑን ታውቃለች።

የፈራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ዘንድ ዊንዶው መቀየር ማለት ፎርማት ማድረግ ማለት ነው። ኔትወርኩ አንድ ሳምንት መጥቶ ሌላ ሳምንት በሚጠፋበት አገር በኢንተርኔት ቀስ እያለ የሚሻሻል ነገር የለም። ባለሙያው ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ የነበረውን ጠራርጎ አዲሱን ይጭናል። በዚያች ማሽን ውስጥ ደግሞ ያለው የሰው ፊት ነው። ከገጠር የሚመጣው ሰው ፎቶ የሚነሳው ለመታወቂያ ወይም ለፈተና ፎርም ነው፤ ብዙው በዕድሜው አንዴ ተነስቷል፣ እሱንም እኔ ዘንድ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ወደ እኔ ይመጣል። ለቅሶው ላይ ፎቶው ከፍ ብሎ ተይዞ ይለቀሳል፤ ሟቹ ፈረሰኛ ከነበረ ፈረሱ ተሸልሞ ይወጣል፣ ፎቶው አብሮት ይዞራል። ያችን ትንሽ የመታወቂያ ፎቶ አሳድጌ በፍሬም የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ከእኔ ኮምፒውተር በቀር በዓለም ላይ ምስላቸው የሌለ ሰዎች አሉ። እነሱን እንዴት አድርጌ ለፎርማት ልስጥ?

እንዴት እንደማገኛቸውም ልናገር። ፎቶዎቹን የማስቀምጠው ዴስክቶፑ ላይ ነው። ፎልደሮቹ ሁሉ ስማቸው "ኒው ፎልደር" ሲሆን ከኋላው ቁጥር አለው፣ ቁጥሩን የሰጠቻቸው ራሷ ማሽኗ ናት። መጀመሪያ በአማርኛ ስም ልሰጣቸው ሞክሬ ባዶ ሳጥን ብቻ ስታሳየኝ ተውኩት። ስለዚህ እንደ አገሩ አሰፈርኳቸው። ሱቄ እንጅባራ ስለሆነ እንጅባራን መሃል አደረግኋት። የዳንግላ መንገድ ሰዎች ወደ ላይ፣ የጫግኒ በስተግራ፣ የግምጃ ቤት ወደ ታች፣ የዘንገና ከግርጌ በስተቀኝ። በዚያም ውስጥ ጎረቤትን ከጎረቤቱ፣ ዘመድን ከዘመዱ አጠጋሁ። አንድ ሰው መጥቶ "ከዘንገና ማዶ ነን" ሲለኝ እጄ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። በዚህ ብልሃቴ እኮራ ነበር። ባለቤቴ "አንተ ብትታመም ማን ሊያገኛቸው ነው?" ስትለኝ አልታመምም ብዬ እዘጋታለሁ።

ዳንግላ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን አብሮ አደግ ጓደኛ አለኝ። ስልክ በሠራ ቀን ደውዬ ጭንቀቴን ነገርኩት።

"ምን ነካህ አንተ?" አለኝ። "ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ እገለብጠዋለሁ፣ አዲሱን እጭናለሁ፣ ከዚያ እመልስልሃለሁ። አንድ ፎቶ ብትጎድል ከእኔ ራስ።"

ከዚያ በኋላም መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ብዙ ሰነበተ። በተዘጋ ቁጥር "ምን ይደረግ፣ መምጣት አልቻለም" እላለሁ፤ በልቤ ግን እፎይ እላለሁ። ሰው በመንገድ መዘጋት ደስ ሲለው ያሳፍራል፤ እኔን ደስ ብሎኛል። በመጨረሻ በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ ጓደኛዬ በሚኒባስ ከች አለ።

ፎቶዎቹን ገልብጦ ሲጨርስ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። አንድም ወረቀት ያላተመውን ፕሪንተር አቧራ እየወለወለች ነበር፤ ቀና አላለችም። "ቀጥል" አልኩት።

ከቀትር በኋላ ሁሉም አለቀ። ማሽኗ ቶሎ ተነሳች፣ ፕሪንተሩ ያለ ክርክር አተመ፣ ፎቶዎቹ ተመለሱ። አንዱን ፎልደር ከፈትኩ፣ ሌላውን ከፈትኩ፣ ሰዎቹ አሉ። ጓደኛዬን አቅፌ ሳምኩት። ፎልደሮቹ ከግራ ጀምረው በቁጥራቸው ተራ መሰለፋቸውን አይቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

ጓደኛዬ ዕቃውን እየሰበሰበ ሳለ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ገቡ። ከዘንገና በኩል ናቸው። ልጃቸው ታማ ሞታባቸዋለች። ካሜራ ያለው ስልክ አልነበራትም፤ ፎቶ የተነሳችው አንዴ፣ ለፈተናው ጊዜ፣ እኔ ዘንድ ነው። ለአርባዋ አሳድግልኝ ነው የሚሉት።

"አለ እናቴ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው፣ አፌን ሞልቼ። እጄ ወደ ግርጌ፣ በስተቀኝ ሄደ። እዚያ ምንም የለም፤ ባዶ ሰማያዊ ነው።

የመጀመሪያውን ፎልደር ከፈትኩ፤ የጫግኒ ነጋዴዎች ናቸው። ሁለተኛው የማን እንደሆነ አላወቅሁም። ሦስተኛውንም። ጓደኛዬ ነገሩ ገብቶት ጎንበስ አለና "በቀኑ ፈልገዋ" አለኝ። ካሜራዬ ባትሪው በወጣ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ እኔም አስተካክዬለት አላውቅም። ጓደኛዬ ድምፁን ቀንሶ፣ "ስክሪኑን በስልክህ አንድ ፎቶ ብታነሳው ኖሮ የትኛው ቁጥር የት እንደነበር እናውቅ ነበር። ፎቶ አንሺ ሆነህ..." ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ልመታው ቃጣኝ። እውነቱን ስለነበር ነው የከነከነኝ።

እናትየዋን ሸኝቼ ብቻዬን ተረጋግቼ ልፈልግ አሰብኩ። ያኔ ሌላው ነገር መጣብኝ። ልጅቷን አላውቃትም። ፎቶ ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ቀና በይ፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ። ግን ፊቷን ብታመጡልኝ ከክፍል ጓደኞቿ አልለያትም። ይህን ሁሉ ዘመን የአገሩን ሰው አውቀዋለሁ ስል የማውቀው ያስቀመጥኩበትን ቦታ ነበር። እሷን ሊለዩ የሚችሉት እናቷ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ወንበር አጠገቤ አደረግሁላቸውና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማሳለፍ ጀመርኩ። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያያሉ። "አይደለችም" ይላሉ። አንዳንዴ በአገውኛ ያጉረመርማሉ። አንድ ሽማግሌ ጋ ሲደርሱ እጄን ያዝ አደረጉና "እኚህም እኮ ሞቱ" አሉኝ። የመጡበት ጋሪ ሊሄድ ሲል ተነሱ፤ ገና መጀመሪያው ላይ ነበርን።

በሚቀጥለው ገበያም መጡ። መብራት ጠፋና ሳንጨርስ ተለያየን። ከዚያ አርባዋ ደረሰ፤ ያለ ፎቶ እንደወጣ ከመንገደኛ ሰማሁ። የዚያን ቀን ሱቁ በተማሪ ተጨናንቆ ነበር፣ ፕሪንተሩም ሲያትም ዋለ። ባለቤቴ ደስ ብሏት ልታዋራኝ ሞከረች፤ አኮረፍኳት። ምንም አላጠፋችም፤ አኩርፌ ግን ዋልኩ።

እናትየዋ ከእንግዲህ አይመጡም ብዬ ነበር። በሌላው ገበያ ግን መጥተው እዚያችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ላያቸው አልደፈርኩም።

"እናቴ፣ አርባው እኮ አለፈ" አልኳቸው። "እንዲህ ከሚንከራተቱ..."

"ለአርባው አይደለም ልጄ" አሉኝ። "መልኳ እየጠፋብኝ ነው።"

ያቆምንበትን ፎልደር ልከፍት ስል ክንዴን ያዙኝ።

"እዚያ አይደለም" አሉ። "ባለፈው አይቼ አልፌያት እንደሆነስ ማን ያውቃል? ከመጀመሪያው አሳየኝ።"